ኤቨንት ዲኮር ብቻ አይደለም፤ ስንት ጊዜ ልበል?

ለልምምድ ወደ ኤቨንት አዘጋጅ ድርጅቴ የትብብር ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «ጋሼ፣ ዲኮር ላይ ነው የምትመድቡኝ?»

ሰሞኑን ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ የመጣች ልጅ ደግሞ ስልኳን አውጥታ የፊኛ ቅስት አሳየችኝ። «ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለች። ያምራል፣ አልዋሽም። ስንት እንግዳ መጣ? አልኳት። በየት በኩል ገቡ? ዝናብ ቢመጣ የት ልታስገቢያቸው ነበር? ዝም።

ባሕር ዳር ላይ ሰርግ፣ ስብሰባና የምርቃት ፕሮግራም ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ተለማማጅ እቀበላለሁ፣ በየዓመቱ ያንኑ እሰማለሁ። ዛሬ ልተንፍሰው።

«ኤቨንት ማለት ዲኮር ነው።»

አይደለም። ዲኮር የሥራው አንዱ ክፍል ነው፤ ያውም ሲበላሽ ሰው የሚታገሰው ክፍል። አበባው ስለጠወለገ ከሰርግ ተነስቶ የሄደ ሰው አላየሁም። ማይኩ ሲጮህ፣ ምሳው ሲዘገይ፣ ሽንት ቤቱ የት እንዳለ ሲጠፋው ግን ይሄዳል። ሄዶም ዝም አይልም፣ ያወራል።

ሥራችን እንግዳው ከመጣበት እስከሚሄድበት ምን እንደሚገጥመው ቀድሞ ማሰብ ነው። ባጃጁ የት ያወርደዋል? ማን ይቀበለዋል? የተቀመጠበት ቦታ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይመታዋል ወይ? አሮጊት እናቱ ያንን ደረጃ ይወጡታል? ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ የጾሙ ለብቻው ተለይቷል?

እኔም ይህን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ሐይቁ ዳር ሰርግ ነበረን። ጠዋት ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም። ከሙሽሮቹ ጀርባ ረጅም የጨርቅ ግድግዳ አቆምን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ቀን ላይ ምድሩ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው የሐይቁ አየር ወደ ዳር ይገባል። የጣና ዓሣ አስጋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔ አልጠየቅኩም። ግድግዳው ሚዜዎቹ ላይ ተጋደመ። ማንም አልተጎዳም። የሙሽራዋ አጎት ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «ያ መጋረጃህ ደህና ነው?» ይሉኛል።

ሌላ ልጨምር። አንድ ተለማማጅ ለስብሰባ እንግዶች የጣና ገዳማት ጉብኝት አቅዶ አመጣልኝ። ጀልባው፣ ውሃው፣ የሕይወት ጃኬቱ፣ የምሳ ሰዓቱ፣ ሁሉም በሥርዓት ተጽፏል። መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል፣ ከዚያ ዘጌ። ክብራን ሴት አይገባም። ከእንግዶቹ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በዕቅዱ መሠረት ብንሄድ ወንዶቹ ተሳልመው እስኪመለሱ ሴቶቹ ጀልባ ላይ ፀሐይ ሊመታቸው ነው። ክብራንን አውጥተን በቀጥታ ዘጌ ወዳለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት አደረግነው፤ እዚያ ሁሉም ይገባል። ጫማ እንደሚወልቅም ማታውኑ ለእንግዶቹ ነገርናቸው፣ ካልሲ የያዘ ያዘ። ያ ልጅ አንድ ወር ሙሉ ወንበር ላይ ሪባን ሲያስር ከርሟል። ስለ ሥራው የገባው ግን ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ለልምምድ ስትወጡ «ዲኮር ላይ መድቡኝ» አትበሉ። በር ላይ አቁሙኝ በሉ። ደብተር ያዙ። ሰልፉ ስንት ሰዓት ላይ ረዘመ? ሰው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ምንድን ነው? ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ ከጠየቃችሁ እዚያ ቦታ ላይ ምልክት ጎድሏል። ከሳውንድ ባለሙያው ጋር አምሹ። ጀነሬተሩ የት እንደሚቆም፣ መብራት ሲጠፋ ማን እንደሚሮጥ እዩ። ነዳጁ የሚሞላው መብራት ከጠፋ በኋላ አይደለም። ቡፌውን ከግድግዳው አርቁትና ሰው በሁለቱም ጎን ያንሳ፤ አንዱ ሰልፍ ሁለት ይሆናል፣ አንድ ብር አይወጣበትም። ፕሮግራሙን በደቂቃ ጻፉት፣ ከዚያ ሽማግሌዎቹ ንግግር የሚያረዝሙበትን ደምሩበት። እኔ ሁልጊዜ እደምራለሁ፤ ሁልጊዜም ያንሰኛል።

«ልምድ ያለው አዲስ አበባ ነው፤ ባሕር ዳር ምን አለ?»

ይሄኛውም ያናድደኛል። የከተራ ዕለት ጥር 10 ከቤታችሁ ወጥታችሁ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች እዩ። ከታቦቱ ኋላ ይጠቀልላሉ፣ ተሸክመው በሕዝቡ መሃል ወደ ፊት ይሮጣሉ፣ እንደገና ያነጥፋሉ። ታቦቱን የያዙት ካህናት ባዶ አስፋልት አይረግጡም። ሌሎቹ ገመድ ይዘው መንገድ ይከፍታሉ። ደመወዝ የለም፣ በእጅ ምልክት ይግባባሉ። በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው ጥምቀት ያለ እነዚህ ልጆች ሥራ አይታሰብም። እናንተ ግን ሕዝብ ማስተናገድን ለመማር የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣላችሁ።

ሰፈራችሁ ያለው እድርስ? ለቅሶ ሲሰማ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተከላል። ወንበሩም ሳህኑም ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። የጎደለ ካለ ማን እንደወሰደው ይታወቃል። የእኔ ድርጅት እንኳ ዕቃውን እንዲህ አይቆጥርም፤ ባለፈው ጥር የጠፉት 6 የጠረጴዛ ልብሶች የት እንደገቡ እስካሁን አላወቅንም። የእድራችሁን ንብረት ያዥ አንድ ቀን እንዲያሠሯችሁ ጠይቁ። ይገረማሉ፣ ግን እሺ ይላሉ።

«በነጻ ከሠራሁ ልምድ ነው።» ወንበር ብቻ ካሸከሟችሁ ልምድ ሳይሆን ጉልበት ነው የሰጣችሁት። ቢያንስ የምሳና የትራንስፖርት ጠይቁ።

«ሰርተፍኬት ከያዝኩ ይበቃል።» አላነበውም።

«ሰዓት ማን ይሳሳታል?» የውጭ እንግዳ ባለበት ፕሮግራም ግብዣው ላይ 2፡00 ብቻ ጽፋችሁ ላኩና እዩ። እናንተ በጠዋት አዳራሹን ትከፍታላችሁ፣ እሱ 8 ሰዓት ላይ ምሳ ሲነሳ ከች ይላል።

«ፖርትፎሊዮ ማለት ፎቶ ነው።» ፎቶውን ፎቶግራፈሩ ነው ያነሳው። እኔ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ምን ፕሮግራም ነበር፣ ስንት ሰው መጣ፣ ምን ተበላሸ፣ አንተ ምን አደረግህ? «ምንም አልተበላሸም» ብሎ የጻፈ ተማሪ ካለ ያን ቀን አልነበረም ማለት ነው።

የፊኛዋን ልጅ ቅዳሜ ሰርግ ላይ በር አቆምኳት። ትንሽ ከፍቷት ነበር። ማታ ደብተሯን ተቀብዬ ሳይ የመጀመሪያው መስመር «ሽንት ቤት የት ነው ብለው 14 ሰዎች ጠየቁኝ» ይላል። ሰኞ ምልክት አሠራን።