«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ»፦ ላሟ እኮ አለች

ገንዘብ ያበደረ ሰው ዓመት ሙሉ «ነገ፣ ነገ» ይባላል። ብሩ የራሱ ነው፤ እጁ ላይ ግን የለም። ይሄኔ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይላል። ፍርድ ቤት ተይዞ የቀረ ውርስም ያው ነው።

አባባሉ የበቀለው ላም ከሚታለብበት ደጅ ነው። በገጠር ላም ማለት ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ ናት። ኩበቷ እንኳ ማገዶ ይሆናል። ካልታለበች ግን ባለላም መባል ምን ይጠቅማል? «ሰማይ» እና «አላይ» ቤት ስለሚመቱ ደግሞ ከአፍ አይጠፋም።

ብዙ ሰው አባባሉን ለባዶ ሕልም፣ ጭራሽ ለሌለ ነገር ይጠቀምበታል። እኔ አልስማማም። «አለኝ» ነው እኮ የሚለው። ላሟ አለች። ያልተገኘው ወተቷ ነው።

ወተቷ የማይደርሰን እንዲህ ያለች ላም እውነትም ሰማይ ላይ አለች፤ በበጋ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። እንደተባዘተ ጥጥ የሳሳ ነጭ ደመና አለ፤ ሲረስ ይባላል። ብዙውን ጊዜ ከ6,000 ሜትር በላይ ነው። ከራስ ዳሸን ጫፍ እንኳ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል፣ የተሠራው ከበረዶ ነው።

የሚገርመው አፈጣጠሩ ነው። የደመና ነጠብጣብ ዜሮ ዲግሪ ስለደረሰ ብቻ በረዶ አይሆንም። ንጹሕ ከሆነ ከዜሮ በታች 38 ዲግሪ ገደማ እስኪደርስ ፈሳሽ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚያ ቀድሞ እንዲረጋ የአቧራ ብናኝ ያስፈልገዋል፤ ልክ ሊጥ እርሾ እንደሚፈልገው። አንዴ ከረጋ በኋላ በዙሪያው ያለው እንፋሎት ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ይጋገርበታል። በኅዳር ሌሊት ደብረ ብርሃን ሣር ላይ የሚያድረው አመዳይም የሚሠራው እንዲሁ ነው። እንዲህ እያለ ባለ ስድስት ጎን ክሪስታል ያድጋል። ዝርግ ወይም እንደ ዘንግ ረዘም ያለ መሆኑን በዋናነት ቅዝቃዜው ይወስነዋል።

ክሪስታሉ ሲከብድ መውረድ ይጀምራል። ከደመናው ሥር የሚታየው ነጭ ጭራ እሱ ነው፤ ነፋስ እየጎተተ ያጣምመዋል። ታች ግን አየሩ ደረቅ ነው። በረዶው ሳይቀልጥ ተመልሶ እንፋሎት ይሆናል። ወተቷ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው።

የክረምቱ ጥቁር ደመና ሌላ ነው። አናቱ ላይ ያው በረዶ አለ፤ ሲወርድ ግን ሞቅ ያለ እርጥብ አየር ይቀበለዋል። አብዛኛው ቀልጦ ይዘንባል። ጠጥሮ የተረፈው ደግሞ የቤታችንን ቆርቆሮ ይደበድባል።