ፍላሽ መቼና ለምን?

የካሜራ ፍላሽ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጨለማን ነው። ፍላሽ ዋጋውን የሚያሳየው ግን አብዛኛውን ጊዜ በጠራራ ፀሐይ ነው።

እኛ አገር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት። በዚያ ሰዓት ሰው ፎቶ ሲነሳ ግንባሩና አፍንጫው ያበራል፤ ዓይኑ ግን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል። ባርኔጣ ካደረገማ ጭራሽ ፊቱ አይለይም። ትንሽ ፍላሽ ሲጨመር ጥላው ይሳሳል፣ ዓይኑ ውስጥም ብልጭ የምትል ነጥብ ትገባለች። ጀርባውን ለመስኮት የሰጠ ሰውም እንዲሁ ነው። ያለ ፍላሽ ወይ ሰውዬው ይጠቁራል፣ ወይ ከውጭ ያለው ነገር ነጥቶ ይጠፋል። እንዲህ ላለው ሥራ የፍላሹን ኃይል አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ ዝቅ ማድረግ ይበጃል፤ አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው። ፍላሽ መብራቱ ባይታወቅ ነው ጥሩ።

አንድ ገደብ አለ። ሌንስ የሚቀየርላቸው አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር በደንብ የሚሠሩት ሹተሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ፣ ፍጥነቱ እስከ 1/200 ወይም 1/250 ሰከንድ ሲሆን ነው። ከዚያ ከፈጠነ ሹተሩ በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ስለማይከፈት የፎቶው ከፊል ይጨልማል። ስለዚህ ፀሐይ ላይ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ይቀነሳል፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ይጠባል። ሃይ ስፒድ ሲንክ፣ ማለትም ከፈጣን ሹተር ጋር የመሥራት ችሎታ፣ ያለው ፍላሽ ይህን ገደብ ያልፋል፤ ኃይሉ ግን ይቀንሳል።

ሌላው ነገር ርቀት ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ጋይድ ነምበሩ (የጉልበቱ መለኪያ) 12 የሆነ የካሜራ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 እና በኤፍ 4 አፐርቸር የሚደርሰው 3 ሜትር ብቻ ነው። ስታዲየም ውስጥ ከመቀመጫ የሚበራ ፍላሽ ሜዳው ጋ አይደርስም፤ የሚያበራው ከፊት የተቀመጡትን ሰዎች ማጅራት ነው።

የሠርግ አዳራሽ ውስጥ ይህ በደንብ ይታያል። ፍላሹ ፊት ለፊት ከተተኮሰ ቅርብ ያሉት እናት ነጠላቸው ይነጣል፣ የጥለቱ ቀለም ይጠፋል። ከኋላ የሚጨፍሩት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይቀራሉ። መፍትሔው የፍላሹን ራስ ወደ ጣሪያ ማዞር ነው። ብርሃኑ ከላይ ተበትኖ ሲወርድ ፊትም ጨርቅም ይለሰልሳል። ጣሪያው ዝቅ ያለና ነጭ መሆን አለበት፤ አረንጓዴ ከሆነ ሁሉም ሰው አረንጓዴ ይሆናል። ሹተሩን ወደ 1/60 ማዘግየት ደግሞ የአዳራሹ መብራት ፎቶው ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል።

ፍላሽ እንቅስቃሴንም ያቆማል። በዝቅተኛ ኃይል ሲተኮስ የሚበራው ከ1/10000 ሰከንድ ላነሰ ጊዜ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መሐንዲሱ ሃሮልድ ኤጀርተን ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምትፈናጠቅ የወተት ጠብታን በአየር ላይ ያስቀረው በዚህ ዘዴ ነው። ከዚያ በፊት ፎቶ አንሺዎች የሚያቃጥሉት የማግኒዚየም ዱቄት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ይህ ዱቄት ጭሱ ቤት ይሞላ፣ እሳትም ያስነሳ ነበር። ቢሆንም ጋዜጠኛው ጄኮብ ሪስ የኒው ዮርክ ድሆችን ጨለማ ክፍሎች ለሕዝብ ያሳየው በእሱ ነው።

ፍላሽ የማይበራበት ቦታም አለ። የዕጣን ጭስ መሃል ከበራ ጭሱ ራሱ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። መስታወት ፊት ከሆነ ተንጸባርቆ ይመለሳል። የጧፍ ብርሃን ላይ ከሆነ ወርቃማውን ድባብ ያጠፋዋል። የጥንት ሥዕልና ብራና ያለበት ቦታ ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቁ ማብራት ነውር ነው።