የወጣ ሐሞት ከረጢት ለምን ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል?

ጅማ ያሉት አክስቴ በጠጠር ምክንያት ሐሞት ከረጢታቸው ወጣ። በኋላ የፓቶሎጂው (የወጣው ከረጢት የላቦራቶሪ ምርመራ) ውጤት «ካንሰር፣ ቲ1ቢ» ሆነ። ሐኪሙ ድጋሚ ቀዶ ጥገና ሲሏቸው «የወጣ ነገር ደግሞ ምን ይወጣል?» አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው።

ቁጥሩ የሚናገረው ካንሰሩ የከረጢቱን ግድግዳ ምን ያህል ዘልቆ እንደገባ ነው። ቲ1ኤ ከውስጠኛው ስስ ሽፋን አላለፈም፤ ከረጢቱ ሳይቀደድ በንጹሕ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ይበቃል። ቲ1ቢ ጡንቻው ላይ ደርሷል። ቲ2 ጡንቻውን አልፏል።

ከረጢቱ ጉበት ላይ ተለጥፎ ነው የሚኖረው። ጡንቻው ላይ የደረሰ ካንሰር ከከረጢቱ ውጭ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ለቲ1ቢና ለቲ2 አጠገቡ ያለው የጉበት ክፍልና በአካባቢው ያሉ የሊምፍ ዕጢዎች ይወጣሉ። ጉበቱ ሙሉ በሙሉ አይነሳም። አክስቴን ያስፈራቸው ይሄ ነበር። አስቀድሞ ግን ካንሰሩ ሌላ ቦታ አለመሰራጨቱ በሲቲ ስካን ይታያል።