ጥቁር ባንዲራ፦ ሙቀትና የሠራዊት ዝግጁነት

የጦር ሰፈር በአውሎ ነፋስ ሲመታ ዓለም ያወራል። በጥቅምት 2018 (እ.ኤ.አ.) ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ የሚገኘውን የቲንደል አየር ኃይል ሰፈር ሲያወድመው፣ ጥገና ላይ ስለነበሩ መነሣት ያልቻሉ ኤፍ-22 ተዋጊ ጄቶች እዚያው ቀርተው ነበር። ሙቀት ግን አንድም ጣሪያ ሳይነቅል በየበጋው የሥልጠና ሰዓት ይበላል።

የአሜሪካ ጦር የሚጠቀምበት የሙቀት ጫና መለኪያ ደብሊው ቢ ጂ ቲ ይባላል። የተወለደው በ1950ዎቹ፣ በሳውዝ ካሮላይናው ፓሪስ አይላንድ የማሪን ምልምሎች በሙቀት እየወደቁ ስላስቸገሩ ነው። ሦስት ቴርሞሜትሮች አሉት፦ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ በጥቁር ኳስ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ፣ ጥላ ውስጥ ያለ ተራ። የመጀመሪያው በ0.7፣ ሁለተኛው በ0.2፣ ሦስተኛው በ0.1 ተባዝተው ይደመራሉ። በድምሩ መጠን የማስጠንቀቂያ ባንዲራ ይሰቀላል፦ አረንጓዴ ከ27.8፣ ቢጫ ከ29.4፣ ቀይ ከ31.1፣ ጥቁር ከ32.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ይጀምራል።

አየሩ 35፣ ኳሱ 45፣ እርጥቡ 29 ቢያነቡ ድምሩ 32.8 ነው፤ ጥቁር። በደረቅ በረሃ አየሩ 40፣ ኳሱ 52፣ እርጥቡ 23 ሲሆን ግን 30.5 ብቻ ይመጣል፤ ቢጫ። ላብ ካልተነነ ሰውነት አይበርድም፣ የእርጥበት ክብደት የበዛውም ለዚህ ነው። የጥይት መከላከያ ሰደርያ በእርጥብ አየር በድምሩ ላይ 2.8 ዲግሪ ያስጨምራል።

ለዓመታት በተሠራበት ሰንጠረዥ መሠረት በጥቁር ባንዲራ ከባድ ሥራ 10 ደቂቃ ተሠርቶ 50 ደቂቃ ይታረፋል፤ ውኃው በሰዓት አንድ ሊትር ገደማ ነው። ጣሪያው በሰዓት 1.4፣ በቀን 11.3 ሊትር ነው። ጣሪያ ያስፈለገው ከልክ በላይ የጠጣ ሰው የደሙ ጨው ስለሚቀጥን ነው። ያስመልሰዋል፣ ይዘባርቃል፤ ሙቀት የመታው መስሏቸው ውኃ የሚጨምሩለት ሰዎች ያብሱበታል።

ስህተት በብዛት የሚገባው በልኬቱ ነው። መሣሪያው ሣር ላይ ተተክሎ ጓዱ አስፋልት ላይ ይሮጣል፤ ወይም የስልክ የአየር ትንበያ ይታመናል። ጨርቁ ከደረቀ ደግሞ ንባቱ ያለአግባብ ከፍ ይላል። ባንዲራው የትናንቱን ድካምም አያሳይም። ከደጋ ቆላ የወረደ ወታደር ከሙቀቱ ጋር ለመላመድ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ እንቅልፍ ያጣ ወይም ትኩሳት ላይ ያለ ከሆነ በአረንጓዴም ይወድቃል። እልኸኛው ምልምል ደግሞ ከሰነፉ ይልቅ ያሰጋል፣ ቁሙ ሳይሉት አይቆምምና።

የሰውነት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ አእምሮው የሳተ ሰው መጀመሪያ እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል፣ ከዚያ ይጓጓዛል። በበረዶ ውኃ የተነከሩ አንሶላዎች መላ ሰውነቱን ይሸፍናሉ፣ ሲሞቁ ይቀየራሉ፣ የውስጥ ሙቀቱ ወደ 39 ሲወርድ ይቆማሉ። አንሶላዎቹ ልምምዱ ሳይጀመር በበረዶ ሣጥን ተዘጋጅተው መቅረብ አለባቸው። የተረፈው ወታደር ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ከከባድ ሥራ ይታገዳል፤ ክፍሉም እስከዚያ ሰው እንደጎደለው ይቆያል።