የድህረ ስርጭት ክትትል ምንድን ነው?

ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ የሚወጡት ሪፖርቶች ይመሳሰላሉ። ይህን ያህል ኩንታል እህል ታደለ፣ ይህን ያህል ብርድ ልብስ ተሰጠ፣ ይህን ያህል ቤተሰብ ተረዳ። ቁጥሩ ትክክል ሊሆን ይችላል። የሚነግረን ግን ከመጋዘን የወጣውን እንጂ ቤት የገባውን አይደለም።

ቤት የገባውን ለማወቅ የሚሠራው ሥራ የድህረ ስርጭት ክትትል ይባላል። ዕርዳታው ከታደለ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጠያቂዎች ተጎጂዎቹ ዘንድ ይሄዳሉ። የተባለው መጠን ደረሳችሁ? ስንት ሰዓት ተሰለፋችሁ? ጉቦ የጠየቃችሁ ነበር? ተጠቀማችሁበት ወይስ ሸጣችሁት?

የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ነገር ታወጣለች። ተረጂው የተሰጠውን ሲሸጥ “ድሮም አልቸገረውም” የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ዱቄት ተሰጥቶት ማገዶ የሌለው ሰው ይሸጣል። ልጁ ታሞበት የመድኃኒት መግዣ ያጣም ይሸጣል። እዚህ ላይ መታረም ያለበት ዕርዳታው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ ከደረሰ በኋላ ለጋሾች ጀልባ ለመስጠት ተሽቀዳድመው ነበር። በአንዳንድ የስሪላንካና የኢንዶኔዥያ ዳርቻዎች ከሚያስፈልገው በላይ ጀልባ ታደለ። ከፊሉም ለባሕር የማይሆን ነበር። ስንት ጀልባ እንደተሰጠ ቢሮ ተቀምጦ መቁጠር ይቻላል። ዓሣ አስጋሪው ወደ ሥራው መመለሱን ለማወቅ ግን ሄዶ እሱን መጠየቅ የግድ ነው።

ወደ ፍትሃዊነት ስንመጣ ሁለት ዓይነት ስህተት አለ። ማግኘት የሌለበት ሲያገኝ የማካተት ስህተት ይሉታል። ማግኘት ያለበት ሲቀር ደግሞ የማግለል ስህተት። እኔን አብዝቶ የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው፤ ምክንያቱም በራሱ በክትትሉ ውስጥ ሊደበቅ ይችላል። ጠያቂዎቹ ብዙውን ጊዜ የሚያነጋግሩትን ሰው በዕጣ የሚመርጡት ከተረጂዎች ዝርዝር ላይ ነው። ከመጀመሪያው ያልተመዘገበ ሰው በሩ አይንኳኳም። ስለዚህ “ተረጂዎች ረክተዋል” የሚል ውጤት ይመጣል፤ የቀረውን ሰው የጠየቀው የለም።

ማን ነው የሚቀረው? ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ መታወቂያውን ጎርፍ የወሰደበት፣ ዘመድ ቤት የተጠጋ፣ ከአልጋ መነሳት ያቃተው አዛውንት። በኔፓል እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ መንግሥት ለቤት መሥሪያ 300,000 የኔፓል ሩፒ በሦስት ዙር ይሰጥ ነበር። ድጎማው ከመሬት ባለቤትነት ማስረጃ ጋር በመያያዙ ግን መሬት የሌላቸው ሰዎች በጣም ተቸግረዋል። ቤታቸው እንደሌላው ፈርሷል፤ የጎደላቸው ወረቀቱ ነው።

እንዲህ ያለውን ለማግኘት ጠያቂው ከዝርዝሩ መውጣት አለበት። የተረጂውን ጎረቤት ይጠይቅ። ዝርዝሩ በአደባባይ ይነበብ፣ “እገሌ የት አለ?” የሚል ሰው አይጠፋም። ቅሬታ የሚቀበለውም ከሚያድለው የተለየ ሰው ይሁን። ነገ ዱቄት የሚሰፍርልህን ሰው ፊት ለፊት መክሰስ ከባድ ነው።

ቅሬታው ሲመጣ ደግሞ መልስ ይሰጠው፣ መልሱ “አይቻልም” ቢሆንም እንኳ። አንዴ ተናግሮ ምላሽ ያጣ ሰው በሚቀጥለው ዙር “ሁሉም ደህና ነው” ብሎ ጠያቂውን ይሸኘዋል። መዝገቡ ላይም የሚሰፍረው ይኸው ነው።