«ዱባይ ደግሞ ምን ባህል አለው?»

ደብረ ብርሃን ውስጥ ትንሽ የቲኬት ቢሮ አለችኝ። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ዱባይ ሠርቻለሁ። ለእረፍት ዱባይ ያማረው ሰው ይመጣና ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ይጠይቀኛል ስል ጭራሽ እሱ ለእኔ ያስረዳኛል፣ ቲክቶክ ላይ ያየውን።

«ዱባይ የሚባለው አገር…» አገር አይደለም። አገሩ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ነው፤ ዱባይ ከሰባቱ ኤምሬቶች አንዷ ናት።

«ሴት ካልተሸፋፈነች አትወጣም።» ለእንግዳ አባያ ግዴታ አይደለም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል። መስጊድ ለመጎብኘት ግን ነጠላ ያዙ።

«ሙቀት ነው፣ ሹራብ ምን ያደርጋል?» በሐምሌና በነሐሴ ውጭው ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ እውነት ነው። የገበያ ማዕከሉ (የሞሉ) ማቀዝቀዣ ግን የእኛን የጥቅምት ውርጭ ያስታውሳል። የደብረ ብርሃን ልጅ ዱባይ ላይ በብርድ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል፤ ሹራቡ ግን አይቅር።

«በጾም ምን ልንበላ?» ዴራ ሰፈር እንጀራ አለ። ሥጋ የማይነካው የህንዶች ምግብም ሞልቷል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። «ዱባይ እኮ ሕንፃ ብቻ ነው። ምን ባህል አለው?» ይህን የሚሉኝ 828 ሜትሩ ቡርጅ ኸሊፋ ሥር ፎቶ ተነስተው፣ አምስት ቀን ከሞል ሞል ዞረው፣ ሻንጣ ሞልተው የተመለሱ ናቸው። ወደ ደሴ ሲያልፍ እዚህ ቁርስ በልቶ፣ አንኮበርን ሳያይ «ሸዋ ምን ታሪክ አላት?» እንደሚል መንገደኛ ማለት ነው።

የድሮዋን ዱባይ የፈለገ ክሪክ ዳር ይሂድ። ክሪክ ከባሕር ገብቶ ከተማዋን የሚከፍል ውሃ ነው። ወዲህ ቡር ዱባይ፣ ወዲያ ዴራ። የሚያሻግረው አብራ የሚሉት የእንጨት ጀልባ ነው፤ እኔ ስሻገር ሁሌም አንድ ድርሃም ነበር የምከፍለው። («ዱባይ ሁሉ ነገር ውድ ነው» ለምትሉም መልሱ ይሄው።) ዱባይ ላይ ነዳጅ የተገኘው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚኖረው በንግድ ነበር፣ ባሕር ጠልቆ ዕንቁ በማውጣትም። ጃፓኖች ዕንቁ ማርባት ሲጀምሩ ገበያው ወደቀ፤ 1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የችግር ዘመን ሆኑ። ከክሪኩ አጠገብ ባለው አል ፋሂዲ ሰፈር የዚያ ዘመን ቤቶች አሉ። ጣሪያቸው ላይ ባርጂል የሚባል ማማ ቆሟል። ነፋሱን በአራት በኩል ይይዝና ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። መብራት በሌለበት ዘመን ማቀዝቀዣቸው ይሄ ነበር።

አክስቴን መሐል ሜዳ ካለው ቤቷ አንስቼ እዚያ ወስጃት ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የመንዝ ሱፍ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። ሞሉ አልገረማትም። አል ፋሂዲ ውስጥ ግን የበግና የግመል ፀጉር የሚሸምኑ የበደዊን (የበረሃ ዘላን ዓረቦች) ሴቶች አገኘን። ሳዱ ይሉታል። አክስቴ መሬት ቁጭ ብላ ክሩን በጣቷ አሸት አሸት አደረገችው። «ይሄ እኮ የኛ ባና ነው! ደግሞ ሴቷ ራሷ ትሸምናለች?» አለች። መንዝ የባናውን፣ የሱፍ ብርድ ልብሱን፣ ክር ሴቷ ትፈትላለች እንጂ ሸማኔው ወንድ ነዋ።

ከዚያ ቡና መጣ። የዓረብ ቡና እንደኛ ጠቆር ያለ አይደለም፤ ገርጣ ያለ፣ ሄል ያለበት፣ በስኒ ሥር ጠብ የሚደረግ ነው። «ይሄ የአብሽ ውሃ ነው» አለችኝ በጆሮዬ። ስኒዋን ስትመልስ ይቀዱላታል፣ በይሉኝታ ትጠጣለች፣ እንደገና ይቀዱላታል። አምስተኛው ላይ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። በቃኝ ለማለት ስኒውን ነቅነቅ ማድረግ ያስፈልጋል። እስከ ዛሬ እንግዳ ሲመጣባት ስኒዋን እየነቀነቀች ታሳያለች።

ሁለት ነገር ልጨምር። ጫት እዚያ አደንዛዥ ዕፅ ነው፣ ያስራል። ለወዳጅ አድርሱልን ቢሏችሁ እንኳ እንዳትይዙ።

«በጉብኝት ቪዛ ገብቼ ሥራ እይዛለሁ» የሚለው ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። የጉብኝት ቪዛ ሥራ አይፈቅድም። ቀኑ ሲያልፍ ቅጣቱ በየቀኑ 50 ድርሃም እየቆጠረ ይሄዳል። በዚህ የተያዙ ልጆች ስልክ እየደወሉልኝ አልቅሰዋል። ለዚህ ሐሳብ ቲኬት አልቆርጥም፤ ከፈለጋችሁ ሌላ ቢሮ ሂዱ።