«ስላፕ አስተምረኝ» ለምትሉኝ ሁሉ

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ቤዝ ጊታር ሊማር መጣ። ጊታሩ አዲስ ነው፤ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠም። «ቲቸር፣ እኔ ፈንክ ነው የምፈልገው» አለኝ። ፈንክ ማለት የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ሙዚቃ ነው። እሺ፣ እስቲ የምታውቀውን አሰማኝ አልኩት። አውራ ጣቱን አነሳና ክሮቹን ይወቅጣቸው ጀመር፤ ስላፕ የሚሉት ይሄ ነው። ጡ፣ ጧ፣ ጡጡ፣ ጧ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ አንድም ቦታ አላረፈም። ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ አየኝ። ጭብጨባ የሚጠብቅ ይመስላል።

ዘንድሮ እንዲህ ያለ ተማሪ ሲመጣ ይሄ ስድስተኛው ነው። ሁሉም አንድ ቪዲዮ ያዩ ይመስለኛል። ስለ ፈንክ ለሚሉኝ ሁሉ መልሱን በየሳምንቱ ከምደጋግመው አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ እናሳልፋቸው።

«ፈንክ ስትል ፓንክ ማለትህ ነው?» አይደለም። ፓንክ ፀጉሩን ያቆመው ነው።

«ፈንክና ዲስኮ ያው ነው።» ያው አይደለም። ዲስኮ ላይ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) አራቱንም ምት እኩል ይረግጣል። ፈንክ አንደኛውን ረግጦ ሌላውን ይሰባብረዋል።

«ቃሉ የሆነ ፋሽን ነገር ነው።» ሽታ ነው። የላብ ሽታ። ጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቀኞች ስድቡን ገልብጠው ሙገሳ አደረጉት።

«ፈንክን ጄምስ ብራውን ብቻውን ፈጠረው።» እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። አሜሪካዊው ዘፋኝ ትልቅ ሰው ነው፤ ማንም አይነካበትም። በ1965 እና በ1967 ያወጣቸው ዘፈኖች በሩን ከፈቱ። ግን የ1967ቱን «ኮልድ ስዌት» አብሮት የሠራው ሳክስ ተጫዋቹ ፒ ዊ ኤሊስ ነው። ያቺን ችክ ችክ የምትል ጊታር ያመጣት ጂሚ ኖለን ነው። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ደግሞ ዘ ሚተርስ የሚባሉት ባንድ ከሰፈራቸው የሰልፍ ከበሮ የራሳቸውን ፈንክ ያወጡ ነበር። ጄምስ ብራውን የተካነበት ሌላው ነገር ዲሲፕሊን ነው። መድረክ ላይ ኖታ የሳተ ሙዚቀኛ ይቀጣል፤ በገንዘብ። እየጨፈረ በጣቶቹ የቅጣቱን ልክ ያሳየው ነበር። ለልምምድ አርባ ደቂቃ ዘግይተው የሚመጡ ተማሪዎቼን ሳስብ ሰውየው ይናፍቀኛል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። «ፈንክ ማለት ስላፕ ነው፤ ብዙ ኖታ በፈጠነ ቁጥር ፈንክ ይሆናል።»

የስላፕ አባት የሚባለው ላሪ ግራሃም ነው። ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ጋር በየክለቡ ይሠራ ነበር። እናቱ ፒያኖ እየመቱ ይዘፍናሉ፤ እሱ ቤዝ ይይዛል። ድራመር ነበራቸው፤ ከዚያ ያለ ድራመር መሥራት ጀመሩ። ልጁ ምን ያድርግ? በአውራ ጣቱ ክሩን እየመታ ኪኩን ተካ፤ በሌላ ጣቱ ክሩን ሳብ አድርጎ እየለቀቀ ስኔሩን (በዱላ የሚመታውን፣ ጧ የሚለውን ድራም) ተካ። በኋላ ከስላይ ኤንድ ዘ ፋሚሊ ስቶን ባንድ ጋር ሲጫወት በ1969 ዓለም ሰማው። ልብ በሉ፤ ስላፕ የተወለደው ድራም ስለሌለ ነው።

ይህን ታሪክ ሳላውቅ በፊት በሰርግ ተምሬዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በአንድ ሰርግ ላይ አውራ ጣቴን አንስቼ ስወቅጥ አምሽቼ፣ በእረፍት ሰዓት አንጋፋው ድራመራችን ጠራኝ። «አንተ ልጅ፣ ኪኩንም ስኔሩንም አንተ ከመታህልኝ እኔ ሄጄ ሻይ ልጠጣ?» ባንዱ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቀሪውን ሰዓት በጣቴ ቀስ እያልኩ ተጫወትኩ። ከዚያ በኋላ ነው እናቶች ከወንበር የተነሱት።

ቤዝ ተጫዋቹን ቡትሲ ኮሊንስንም ውሰዱ። በ1970 ጄምስ ብራውን ሲቀጥረው ገና 18 ዓመቱ ነበር። እንደ ማንኛውም ጎረምሳ ኖታ ያዘንባል። ቡትሲ ራሱ ደጋግሞ እንደሚያወራው፣ ጄምስ ብራውን «አንደኛውን ምት ስጠኝ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ሁን» አለው። እነሱ «ዘ ዋን» የሚሉት ይሄ ነው። አራት ምት ትቆጥራለህ፤ አንደኛው ምት ላይ ባንዱ በሙሉ በአንድ እግር ይወርዳል። ከሁለት እስከ አራት ባለው ቦታ እያንዳንዱ የራሱን ትንሽ ቀዳዳ ፈልጎ ይገባል። ጊታሩ የገባበት ቤዙ አይገባም። ስለዚህ ከሚመታው ኖታ ይልቅ የማይመታው ነው ሰውን የሚያስነሳው።

ልምምድ የምትፈልጉ እነሆ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥርላችሁን መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉት። አንድ ኖታ ብቻ፣ አንደኛው ምት ላይ ብቻ ምቱ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ዝም። ዝም ስል ዝም ነው፤ ክሩ እያንጎራጎረ አይደለም። በግራ እጃችሁ ቀለል አድርጋችሁ አፍኑት። ኖታው መቼ እንደሚጀምር ሁሉም ያውቃል፤ መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። አምስት ደቂቃ እንዲህ ቆዩ። በስልካችሁ ቅዱትና ስሙት። ታፍራላችሁ፤ ችግር የለውም። ከዚያ ሜትሮኖሙ ሁለትና አራት ላይ ብቻ እንደሚመታ አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ አንድን ራሳችሁ ፈልጉት። ይሄ ሳይያዝ አውራ ጣት የሚያነሳ ተማሪ እኔ ጋ ጊታሩን ወደ ቦርሳው ይመልሳል።

«ፈንክ ሞቷል» ለምትሉ፦ በኅዳር 1969 አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ውስጥ የጄምስ ብራውን «ፈንኪ ድራመር» ሲቀዳ ክላይድ ስታብልፊልድ ድራም ላይ ነበር። መሃል ላይ ባንዱ ዝም ይልና ድራሙ ብቻውን ይቀራል፤ ሃያ ሰከንድ ገደማ። እዚያው ቅጂው ላይ ጄምስ ብራውን ሶሎ እንዳይጫወት፣ የያዘውን ብቻ እንዲይዝ ሲነግረው ይሰማል። (ስሙ እንግዲህ፤ የያዘውን ብቻ!) ያቺ ሃያ ሰከንድ ከሺህ በሚበልጡ ዘፈኖች ውስጥ ተቆርጣ ገብታለች። ሂፕሆፕ የቆመው በእንዲህ ዓይነት ቁራጮች ላይ ነው። ስታብልፊልድ ግን ደራሲ ተብሎ ስላልተመዘገበ የድርሰት ክፍያ አላገኘም። በ2017 አረፈ። ሞተ የሚባለውን ፈንክ በየታክሲው በየቀኑ ትሰሙታላችሁ፤ ስሙን ስለማታውቁት ነው። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ የአፍሪካ አሜሪካውያንን ሙዚየም ስትጎበኙ የፈንክ ባንድ መሪውን የጆርጅ ክሊንተንን የመድረክ መንኮራኩር እዩ። የ1970ዎቹ ሳይሆን በኋላ የተሠራው ነው፤ ቢሆንም ያስቃል።

የመጨረሻው ያናድደኛል። «የእኛ የስድሳዎቹና የሰባዎቹ ሙዚቃ የጄምስ ብራውን ኮፒ ነው።» ተጽዕኖውን ማንም አይክድም። ጋሽ አለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ሲባሉ ኖረዋል። ግን ነፊዎቹ የመጡት ከክቡር ዘበኛና ከፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ነው። ዜማው ደግሞ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ነው። ሲንሲናቲ ውስጥ አንቺ ሆዬ የሚቃኝ ሰው ነበር እንዴ? የዋልያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» ስሙ፤ በ1977 የወጣ ነው። ቤዙ አንድ ነገር ይይዛል፣ አይለቅም፤ በላዩ ላይ ነፊዎቹ የእኛኑ ዜማ ያወርዱታል። ኪቦርድ ላይ የነበሩት ጋሽ ኃይሉ መርጊያ በኋላ ዋሽንግተን ታክሲ ሲነዱ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው ኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመዱ ነበር።

ለልጁ ይህንኑ ዘፈን ከፈትኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ «ቲቸር፣ ስላፕ የለውም እኮ» አለኝ።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ሜትሮኖም ገዝቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።